ሩቲን ከፒሪሜታሚን በለጠ ማለት ምን ማለት ነው? ለደሴዋ ፋርማሲስት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደሴ ነው፤ በፋርማሲ ተመርቄያለሁ። በቆላው ወሎ ሰው ለወባ ከሚጠቀምባቸው ዕፅዋት መካከል የብሳናንና የጤና አዳምን 24 ንጥረ ነገሮች ከጽሑፎች ሰብስቤ፣ የወባ ተህዋስ ዲኤችኤፍአር በሚባለው ኢንዛይም ላይ በኦቶዶክ ቪና ዶክ አደረግኋቸው። ፒሪሜታሚን −7.8 ሲያገኝ ሩቲን −9.6፣ ሉፔኦል ደግሞ −9.1 አገኙ። ውጤቱን ለኅትመት ላዘጋጀው? ቀጥሎ ምን ልማር? በዚህ ሙያስ ሥራ አገኛለሁ?»

ለሌላው አንባቢ በአጭሩ፦ ዶኪንግ ማለት አንድ ሞለኪውል በፕሮቲን ኪስ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በኮምፒውተር መገመት ነው፤ ኦቶዶክ ቪና ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ነጥቡ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር መያዙ ይጠነክራል ማለት ነው። ፒሪሜታሚን የቆየ የወባ መድኃኒት ነው፤ ሩቲንና ሉፔኦል ከዕፅዋቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አብሽሪ እህቴ፤ የደከምሽበት ከንቱ አይቀርም። አሁን ባለበት ግን ለኅትመት አትላኪው። ምክንያቱ እዚያው ውጤትሽ ውስጥ አለ። የፒሪሜታሚንን −7.8 ደግመሽ እዪው። በክፍል ሙቀት የ1.36 ኪሎ ካሎሪ በሞል ልዩነት የመያዝ ኃይል በ10 እጥፍ ተለወጠ ማለት ነው። በዚህ ስሌት −7.8 ወደ 2 ማይክሮሞላር ይጠጋል (ይህ መጠን ሲያንስ መያዙ ይጠነክራል)። ፒሪሜታሚን ግን ሚውቴሽን የሌለበትን የወባ ዲኤችኤፍአር በላብራቶሪ ሲለካ በአንድና በሁለት ናኖሞላር አካባቢ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በደንብ የሚታወቀውን መድኃኒት ወደ ሺህ እጥፍ አሳንሶ ገምቶታል። የሚታወቀውን እንዲህ ከሳተ፣ በማይታወቀው በሩቲን ላይ የሰጠውን −9.6 በምን እናምነዋለን?

ይህ የቪና ምስጢር አይደለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጽሑፋቸው የግምቱ ስሕተት 2.85 ኪሎ ካሎሪ በሞል ገደማ መሆኑን አስፍረዋል። በሩቲንና በፒሪሜታሚን መካከል ያገኘሽው ልዩነት 1.8 ነው፤ ከስሕተቱ ያንሳል። በባቲ ሰኞ ገበያ ሚዛኑን በታወቀ ድንጋይ ሳይፈትሽ እህል የሚመዝን ነጋዴ ደንበኛ አያገኝም፤ ዶኪንግም ሊጠየቅ የሚገባው እንደዚያው ነው። መጀመሪያ መልሱ በሚታወቅ ነገር ትፈትኚዋለሽ፣ ካለፈ ወዳልታወቀው ትሄጃለሽ።

ሩቲን ለምን ከላይ ወጣ የሚለውን ላስረዳሽ፤ የዕፅዋት ዶኪንግ ጽሑፎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የቪና ነጥብ የሚሰበሰበው በአቶሞች መካከል ካሉ ንክኪዎች ድምር ነው፤ አቶም በበዛ ቁጥር ነጥቡ ከፍ ይላል። ሩቲን ሃይድሮጂንን ሳንቆጥር 43 አቶም አለው፤ ፒሪሜታሚን 17 ብቻ። ነጥቡን ለአቶሞቹ ብዛት ስታካፍዪ ሩቲን 0.22፣ ፒሪሜታሚን 0.46 ያገኛሉ። ደረጃው ተገለበጠ። ይህ ስሌት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ የትልቅነትን አድልዎ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ሉፔኦልም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሃይድሮክሲል ብቻ ያለው፣ ቅባት ወዳድ ሞለኪውል ስለሆነ ፕሮግራሙ ለቅባታማ ንክኪ የሚሰጠውን ነጥብ ይሰበስባል። በየትኛውም ፕሮቲን ላይ ብትሞክሪው ጥሩ ቁጥር ያመጣል ብለሽ ጠብቂ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ችግር ፕሮቲኑን ስታዘጋጂ የተፈጠረ ነው። የትኛውን ፋይል እንደተጠቀምሽ አልጻፍሽም። 1ጄ3አይ በሚለው መለያ የተቀመጠውን የፕሮቲን ባንክ ፋይል አውርጂ፤ ሚውቴሽን የሌለበት የፋልሲፓረም (የሰውን ወባ ከሚያመጡት ተህዋስያን የአንዱ) ዲኤችኤፍአር ነው፣ ጥራቱም 2.33 አንግስትሮም። ከኢንዛይሙ ጋር ሦስት ነገሮች አብረው አሉ፦ ደብሊውአር99210 የሚባለው አጋች (የኢንዛይሙን ሥራ የሚያግት ሞለኪውል)፣ ኤንኤዲፒኤች እና ዲዩኤምፒ። በየቪዲዮው የሚሰጠው ትምህርት «ከፕሮቲኑ ውጭ ያለውን ሁሉ ሰርዢ» ይላል። እዚህ ላይ እንዲህ ካደረግሽ ሥራው ተበላሸ። ኤንኤዲፒኤች የኢንዛይሙ የሥራ ጓድ ነው፤ ኒኮቲናማይድ ቀለበቱ አጋቹ ከሚቀመጥበት ኪስ አጠገብ ተዘርግቷል፣ ከኪሱ ግድግዳ አንዱ ክፍል እሱ ነው። ስታወጪው ትልቅ ባዶ ጉድጓድ ይከፈታል፤ እንደ ሩቲን ያለ ረጅም ሞለኪውልም በሕይወት ባለ ተህዋስ ውስጥ ፈጽሞ ባዶ ሆኖ በማያገኘው ቦታ ገብቶ ይተኛል። −9.6 ከዚያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሩቲንን አቀማመጥ ከፍተሽ ከዋናው ፋይል ኤንኤዲፒኤች ጋር ደርቢያቸው። ከተደራረቡ መልሱን አገኘሽ።

ስለዚህ «ኤ» የተባለውን ሰንሰለት ከነኤንኤዲፒኤቹ ታስቀሪያለሽ፣ ደብሊውአር99210ን ወደ ሌላ ፋይል ታወጫለሽ። ዲዩኤምፒ ያለው ራቅ ባለው በቲሚዲሌት ሲንቴዝ ክፍል ስለሆነ ብታወጪው ኪሱን አይነካም። ውሃዎቹን ለጊዜው አውጫቸው። ሃይድሮጂን በፒኤች 7.4 ትጨምሪያለሽ፤ ከዚያ አስፓርቴት 54 ቻርጅ ይዞ መቅረቱን በዓይንሽ አረጋግጪ። ፒሪሜታሚንን የሚይዘው ዋናው እጅ እሱ ነው፤ የኢሶሉሲን 14 እና 164 የጀርባ ኦክሲጅኖችም ያግዙታል።

ሊጋንዶቹን (ኪሱ ውስጥ የሚገቡትን ሞለኪውሎች) ስታዘጋጂ ሦስት ነገር ፈትሺ። አንደኛው ከፐብኬም የሞለኪውሎች መረጃ ቋት ያወረድሽው ባለ 2 ገጽታ ወይስ ባለ 3 ገጽታ ፋይል ነው የሚለው ነው። ፐብኬም ሃይድሮጂንን ሳይቆጥር ከ50 በላይ አቶም ላላቸው ሞለኪውሎች ባለ 3 ገጽታ ቅርጽ አያዘጋጅም፤ ሰው ሳያስተውል ጠፍጣፋውን አውርዶ በቀጥታ ይቀይረዋል። ቪና የሚያዞረው ነጠላ ቦንዶችን ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ የገባ ቀለበት ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ለሉፔኦል ዓይነቱ አምስት ቀለበት ላለው ሞለኪውል ይህ ሌላ ንጥረ ነገር ዶክ እንደማድረግ ነው። ሁለተኛው ስቴሪዮኬሚስትሪው፣ ማለትም አቶሞቹ በቦታ ላይ የተደረደሩበት አቅጣጫ ነው፤ ከጽሑፍ የወሰድሽውን መዋቅር ከስማይልሱ (መዋቅሩን በፊደል ከሚገልጸው ጽሑፍ) ጋር ማዕከል በማዕከል አመሳክሪ። ሦስተኛው ፕሮቶኔሽን ነው። ፒሪሜታሚን ኢንዛይሙ ውስጥ የሚቀመጠው የፒሪሚዲን ናይትሮጂኑ ፕሮቶን ይዞ ነው። ፋይል ቀያሪው ኦፕን ባቤል ይህን ሁልጊዜ በትክክል አያስቀምጠውም፤ ፋይሉን ከፍተሽ ሃይድሮጂኑ መኖሩን እይ። ቪና የምትሰጪውን የአቶም ቻርጅ ቁጥር አይጠቀምም፤ ሃይድሮጂኑ አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ናይትሮጂኑን ሰጪ ወይም ተቀባይ ስለሚያደርገው ወሳኝ ነው።

ሳጥኑ ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ኦቶዶክ ቱልስ የሳጥን መጠን የሚያሳየው በነጥብ ብዛት ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት እንደተለመደው 0.375 አንግስትሮም ነው። ቪና ግን የሚጠብቀው አንግስትሮም ነው። በአንዱ ያየሽውን 60 በሌላው ላይ እንዳለ ከጻፍሽ 22.5 አንግስትሮም መሆን የነበረበት ጎን 60 አንግስትሮም ይሆናል፤ ይዘቱም 216,000 ኪዩቢክ አንግስትሮም። ቪና ከ27,000 ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሰው ያንን መስመር አያነበውም። ማዕከሉን ደብሊውአር99210 ከነበረበት ቦታ ውሰጂ፣ ጎኖቹን ከ22 እስከ 24 አንግስትሮም አድርጊ። የፍለጋ ጥልቀቱን ሳይነኩት 8 ነው፤ ወደ 32 ከፍ አድርጊው። እያንዳንዱን ሞለኪውል ቢያንስ በሦስት የተለያዩ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሮች (ሲድ) አሠሪው። ሦስቱ ሩጫዎች የተለያየ አቀማመጥ ካመጡ ፍለጋው ገና አልተረጋጋም፤ አንዱን መርጠሽ ሥዕል ማውጣት አይፈቀድም።

ከዚህ በኋላ ነው ፈተናው። የመጀመሪያው ደብሊውአር99210ን መልሶ ማስገባት ነው። ከክሪስታሉ የወጣውን ቅርጽ እንዳለ አትጠቀሚ፤ ከስማይልስ አዲስ ሥሪውና አስገቢው። የመጀመሪያው አቀማመጥ ከክሪስታሉ በ2 አንግስትሮም አርኤምኤስዲ (በሁለቱ አቀማመጦች አቶሞች መካከል ያለ አማካይ ርቀት) ውስጥ ከወደቀ አለፈ። አለካኩ ላይ ተጠንቀቂ፤ በፓይሞል (የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም) ሁለቱን ሊጋንዶች እርስ በርስ አስተካክለሽ ከለካሽ ፕሮግራሙ አንዱን አንሥቶ በሌላው ላይ ስለሚያስተኛው ቁጥሩ ሁልጊዜ ያማረ ይሆናል። ማስተካከል ካስፈለገ ፕሮቲኑን ከፕሮቲኑ ጋር ነው፤ ሊጋንዱ ባለበት ሆኖ ይለካል። ኦፕን ባቤል ውስጥ ያለው ኦብአርኤምኤስ ሊጋንዱን ሳያንቀሳቅስ፣ የሞለኪውሉን ሲሜትሪም ከግምት አስገብቶ ይሰጥሻል። ፈተናው ከወደቀ ኪሱ ውስጥ ያሉትን አንድ ሁለት ውሃዎች መልሰሽ ሞክሪ፤ ሳጥኑንና ፕሮቶኔሽኑንም ደግመሽ እይ።

ሁለተኛው ፈተና ከባድ ነው፤ ብዙዎች ስለሚዘሉትም ሥራሽን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው። በላብራቶሪ የተለኩ 10 የወባ ዲኤችኤፍአር አጋቾችን ከኬምብል የመረጃ ቋት ምረጪ። ለእያንዳንዳቸው በክብደት፣ በቅባት ወዳድነትና በሃይድሮጂን ቦንድ ብዛት የሚመስሏቸው፣ በመዋቅር ግን የሚለዩ 50 ማዘናጊያ ሞለኪውሎች አዘጋጂ። ዱድ ኢ የሚባለው ድረ ገጽ ያመርትልሻል። 510 ሞለኪውል ይሆናል። አንዱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 17 ሰዓት ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ የሁለት ሌሊት ሥራ። መብራት እንደሚጠፋ አስበሽ ስክሪፕቱን ስትጽፊ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ውጤት በተለየ ፋይል አስቀምጪ፣ ፋይሉ ካለ ዝለል የሚል መስመርም ጨምሪበት። ከዚያ እውነተኞቹ 10 ከዝርዝሩ አናት ተሰብስበው እንደሆነ ተመልከቺ። ከላይ ባሉት 51 ሞለኪውሎች ውስጥ በአጋጣሚ የሚጠበቀው አንድ ነው። ስድስት ሰባቱ ካሉ ዘዴሽ ዓይን አለው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ካገኘሽ ያንቺ 24 ንጥረ ነገሮች ደረጃ የዕጣ ደረጃ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አቁመሽ ወደ ዝግጅቱ ተመለሺ።

ሦስተኛውን ፈተና የአገራችን ታሪክ ራሱ ያስገድደናል። ኢትዮጵያ ሰልፋዶክሲን ፒሪሜታሚንን፣ ፋንሲዳር ሲባል የምናውቀውን፣ ትታ ወደ ኮአርተም የዞረችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ተህዋሱ ተላምዶታል። የተላመደውም ዲኤችኤፍአር ላይ በ51፣ በ59 እና በ108ኛው ቦታ በተፈጠሩ ለውጦች ነው። በ108 ላይ ሴሪን የነበረው አስፓራጂን ሲሆን የፒሪሜታሚን ክሎሪን ያለበት ጫፍ ይጋጭበታል። ደብሊውአር99210 ጭራው ተጣጣፊ ስለሆነ ይሸሸዋል። 1ጄ3ኬ የሚባለው ፋይል እነዚህን ሦስቱንና በአፍሪካ እምብዛም የማይታየውን የ164 ለውጥ ይዟል። ፒሪሜታሚንንም ደብሊውአር99210ንም በሁለቱም ፋይሎች ላይ አስገቢ። ዘዴሽ የፒሪሜታሚንን መዳከም ካላሳየ፣ «ንጥረ ነገሬ በተላመደው ተህዋስ ላይም ይሠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር መጻፍ አትችዪም። የሰውን ዲኤችኤፍአር በተመለከተም እንደዚሁ፤ የ0.7 ወይም የ1 ነጥብ ልዩነት ይዞ «ለተህዋሱ ይመርጣል» ማለት ከስሕተቱ በታች የሆነ ወሬ ነው።

ሞለኪዩላር ዳይናሚክስን (የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በጊዜ ሂደት ማስላትን) ገምጋሚዎች ስለሚጠይቁ ትገቢበት ይሆናል። ጂፒዩ በሌለው ላፕቶፕ አትጀምሪው፤ ነፃው የጉግል ኮላብ በየሰዓታቱ ስለሚቆርጥ መመለሻ ፋይል እያስቀመጥሽ መሄድ አለብሽ። ከአንድ ረጅም ሩጫ ሦስት አጫጭር ተደጋጋሚ ሩጫዎች ይሻላሉ። የተበላሸ አቀማመጥ ግን በዚህ አይድንም፤ ኤንኤዲፒኤች የሌለበት ኢንዛይም 100 ናኖ ሰከንድ ቢሮጥም ኤንኤዲፒኤች አይወለድለትም።

አሁን ስለ ዕፅዋቱ። ሰው በቆላው ብሳናን በምን መልክ ነው የሚወስደው? ቅጠሉን ወይስ ቅርፊቱን? በውሃ ዘፍዝፎ፣ አፍልቶ ወይስ ጨምቆ? ይህን ሳትጠይቂ ነው ሉፔኦልን ያስገባሽው። ሉፔኦል በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ጽሑፎቹ ያገኙት በኦርጋኒክ ማሟሟቻ አውጥተው ነው። መድኃኒቱ በውሃ ከሆነ የሚጠጣው፣ ሕዝቡ ያየው ለውጥ ከሉፔኦል የመጣ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ከብሳና የሚገኘው ክሮቴፖክሳይድ ደግሞ ሁለት ኢፖክሳይድ ያለው፣ ከፕሮቲን ጋር ሊጣበቅ የሚችል ሞለኪውል ነው፤ ቪና ይህን ኬሚስትሪ አያይም፣ ጉዳቱንም አይነግርሽም። ሩቲን በአንጀት ባክቴሪያ ስኳሩ ተቆርጦ ወደ ኩዌርሴቲን ይለወጣል፤ በክብደቱም (610) በሃይድሮጂን ሰጪዎቹም (10) የሊፒንስኪን መስፈርት፣ ማለትም በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የተቀመጠውን ልክ፣ ይጥሳል። ኩዌርሴቲንም በላብራቶሪ እየተጠራቀመ ብዙ ኢንዛይሞችን በሐሰት የሚያግት በመሆኑ የታወቀ ነው። እነዚህ ከዝርዝርሽ ይውጡ አልልም፤ በየስማቸው አጠገብ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ መጻፍ አለበት።

የእንዶድ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የጀመሩት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት ነው። መነሻው የታየ ውጤት ነበር፤ ንጥረ ነገሩን መፈለግ ከዚያ ተከተለ። ያንቺም ቅደም ተከተል እንደዚያ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ በውሃ የወጣው ጭማቂ በተህዋሱ ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ይረጋገጥ፣ ከዚያ የሚሠራው ክፍልፋይ ይለይ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ የትኛውን ኢንዛይም እንደሚነካ ይጠቁም።

በአገራችን ላብራቶሪዎች የተለመደው በፕላስሞዲየም በርጌይ (በአይጥ ወባ ተህዋስ) የተያዙ አይጦችን አራት ቀን የማከም ፈተና ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አንቺ ዶክ ያደረግሽው የፋልሲፓረምን ኢንዛይም ነው፣ አይጡ የያዘው የበርጌይን። የሁለቱን ዲኤችኤፍአር ቅደም ተከተል ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ኪሱ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች የት እንደሚለያዩ አውጪ። መቆጣጠሪያው ክሎሮኪን ብቻ ከሆነም ስለ ዲኤችኤፍአር የሚነግርሽ ነገር የለም፤ ፒሪሜታሚንም ይጨመር። በቀጥታ ኢንዛይሙን መለካት ከተቻለ ዘዴው ቀላል ነው፦ ኤንኤዲፒኤች ሲበላ በ340 ናኖ ሜትር ያለው የብርሃን መምጠጥ ይወርዳል፣ ያንን በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር መከታተል ነው። ማሽኑ በብዙ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሚከብደው የተህዋሱን ኢንዛይም ማግኘት ነው። በዚያ ልኬት ላይ 0.01 ከመቶ ትራይተን (እንደ ሳሙና ያለ ንጥረ ነገር) ጨምረሽ ድገሚው። እገታው ከጠፋ ንጥረ ነገሩ በመጠራቀም ያታለለሽ ነው።

ቅጠል ከመቁረጥሽ በፊት ፈቃድ አለ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሕዝቡ ለዕውቀቱ ባለመብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙናውንም በባለሙያ አስለይተሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም አስመዝግቢ። መድኃኒቱን የነገሩሽ አዋቂ ስምና ፈቃድ ከመዝገብሽ እንዳይጠፋ፤ ይህ ለእኔ ከማንኛውም ቁጥር ይቀድማል።

ስለ ሥልጠናና ሥራ ግልጹን ልንገርሽ። የአገራችን የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የታወቁ መድኃኒቶችን ያመርታሉ፤ አዲስ ሞለኪውል አይፈልጉም። የሚቀጥሩት ኤችፒኤልሲ የሚባለውን የመድኃኒት መለኪያ ማሽን የሚያሠራ፣ የክኒን አሟሟት የሚለካ፣ የቆይታ ጥናት የሚከታተል፣ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምዝገባ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ዶኪንግ ብቻ ይዘሽ ቂሊንጦ መድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ብትሄጂ አያስገባሽም። የምርምር በር ያለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ምርምር ማዕከል በሆነው ሲዲቲ አፍሪካ፣ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ከአገር ውጭ ደግሞ ኬፕታውን ያለው የመድኃኒት ግኝት ማዕከል ኤች3ዲ አለ። እነዚህ የሚፈልጉት የሦስት ቀን ሥልጠና ምስክር ወረቀት ሳይሆን ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል ሥራ ነው።

ሁለቱን በሮች የሚከፍት አንድ የጋራ ብቃት አለ፤ የመረጃ አያያዝ። ፋብሪካው መረጃ ማን እንደሠራው የሚታወቅ፣ የሚነበብ፣ በተሠራበት ሰዓት የተጻፈ፣ የመጀመሪያው፣ ትክክለኛ ይሁን ይላል። ዶኪንግሽንም እንዲሁ መዝግቢ፦ የፋይሉ መለያ፣ የቪና ስሪት፣ የሳጥኑ ማዕከልና ጎን፣ ጥልቀቱ፣ መነሻ ቁጥሩ፣ የወጣውና የገባው ሃይድሮጂን። የወደቁትን ሩጫዎች አትሰርዢ። ከዚህ ጎን ሊነክስንና ፓይተንን ሁለት ወር ያህል ተለማመጂ፤ አርዲኪትን (የፓይተን የኬሚስትሪ መሣሪያ) ለመጠቀም የሚበቃ ከሆነ ይበቃል። ከዚያ ስታቲስቲክስ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ግን መልሰሽ አንብቢ፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ስሕተቶች ግማሾቹ የኬሚስትሪ እንጂ የኮምፒውተር አይደሉም።

ጓደኞች ካሉሽ አብራችሁ ለመፈተን የሚረዳ መንገድ ልጠቁምሽ። አንዷ ሆን ብላ አምስት ጥፋት ያለበት የዶኪንግ አቃፊ ታዘጋጅ፦ ኤንኤዲፒኤች የወጣበት ፕሮቲን፣ ጠፍጣፋ ሊጋንድ፣ 60 አንግስትሮም ሳጥን፣ የተገለበጠ ስቴሪዮ ማዕከል፣ በማስተካከል የተለካ አርኤምኤስዲ። ሌላዋ ሳይነገራት ትፈልግ። አራቱን ያገኘች ለተማሪ ማስተማር ትችላለች።

ለጊዜው በቅድሚያ የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው፦ የቪና ኮንፊግ ፋይልሽ፣ የተዘጋጀው ፕሮቲን ፋይል፣ የደብሊውአር99210 መልሶ ማስገቢያ አርኤምኤስዲ ከነሦስቱ መነሻ ቁጥሮች። እነሱን ከዚሁ ምላሽ ሥር አያይዢ፤ የሩቲኑን አቀማመጥ ከኤንኤዲፒኤች ጋር ደርቤ አይቼ እጽፍልሻለሁ።